ሽማግሌ የሌለበት ፊልም

ቡታጅራ በሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እሑድ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፊልም እያሳየን ማወያየት ከጀመርን አራት ወር ሆኖን ነበር። ሥራው የእኔና የሊዲያ ነው። ሊዲያ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናት፤ አዳራሹንና ፕሮጀክተሩን ታዘጋጃለች፣ ፈቃዱን ከሚመለከተው ቢሮ ለምና ታመጣለች። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ፊልሙን እመርጣለሁ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ስለማይኖረው ማይክራፎን ይዤ እየተከታተልኩ እተረጉማለሁ፣ ሲያልቅ ደግሞ መብራቱን አብርቼ “እስቲ ምን ተሰማችሁ?” እላለሁ።

የሚመልስልኝ አልነበረም። ሠላሳና አርባ ሰው መጥቶ ፊልሙን ያያል፣ የውይይቱ ሰዓት ሲደርስ ወንበሩን እየጎተተ ይወጣል። ስለ በርበሬ ዋጋ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሕዝብ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሩቅ አገር ጦርነት የሚመራ ሕዝብ፣ አዳራሽ ሲገባና “ሐሳብህን ተናገር” ሲባል መሬት መሬት ያያል። የሚናገረው ታላቁ ከተናገረ በኋላ ነው፤ ታላቁ ከተናገረ በኋላ ደግሞ የሚናገረው ነገር አይኖረውም። ይህ ያንገበግበኝ ነበር። አራት ወር ሙሉ ለግድግዳ እንዳወራሁ ቆጥሬዋለሁ።

በሩ ሥር ባለው ጠረጴዛ ዕቃ የምትቀበለው ዘርፈሽዋል ናት። ቦርሳ፣ ጃንጥላ፣ የሞተር ቆብ ትቀበልና ቁጥር ትሰጣለች። ትውልዷ ከጥያ ወገን ነው፤ ባሏ ሲሞት ከአንድ ልጇ ጋር ቡታጅራ ገባች። ልጇ ሆሳዕና ትባል ነበር። ባለፈው ግንቦት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አንድ ወር ሲቀረው፣ ሆሳዕና ከመናኸሪያው ማዶ ከአስፋልቱ ወጥታ ባጃጅ ስትጠብቅ በርበሬ የጫነ መኪና መንገዱን ስቶ ገጫት። እዚያው አረፈች።

ዘርፈሽዋል ከመንገዱ ወዲህ ቆማ ነበር። ሾፌሩ ሰይፉ የሚባል የሃያ አራት ዓመት የቡኢ ልጅ ነው። ለፖሊስ በሰጠው ቃል ፍሬን እምቢ አለኝ አለ። እሷ ያየችው ግን ሌላ ነው። መኪናው ወደ ልጇ ሲመጣ የሾፌሩን ፊት አላየችም፤ ያየችው አናቱን ነው። አንገቱን ደፍቶ ወደ ጭኑ ይመለከት ነበር።

ከፍርድ ቤቱ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እስራቱ ይህን ያህል ይሁን አላለችም። ካሳ ሲሏት ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን ቦርሳ እየደረደረች እንዲህ አለችኝ፦

“ዳኛው ፊቴ አቁሞት ‘ወዴት ነበር የምታየው?’ ይበልልኝ። እሱ ደግሞ ይመልስ። ከዚያ ወዲያ ቢፈልጉ ይልቀቁት።”

ዐቃቤ ሕጉ ለምስክርነት ስትቀርብ ጥያቄው እንደሚነሣ ነግሯታል። ቀጠሮዋ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ማክሰኞ ቀን ነበር። ስድስት ወር የጠበቀችው ያቺን ማክሰኞ ነው።

ስድስት ወር ሙሉ ደግሞ ከሽማግሌ ስትሸሽ ኖራለች። የሾፌሩ አባት አቶ በቀለ ከቡኢ ሽማግሌ እየላኩ ሰባት ጊዜ ቤቷ አስመጥተዋል። ሰባቱንም ጊዜ አላገኟትም። አንዴ በጓሮ ወጥታ ጎረቤት እንሰት ውስጥ እስኪመሽ ተቀምጣለች። ለምን ፊት ለፊት እምቢ እንደማትላቸው ጠይቄአት ነበር። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፣ አባቴም ሽምግልና የማይቀመጥ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሕግ ያጠናሁት ደግሞ አዲስ አበባ ነው። እንደ ልጅ ታግሣ አስረዳችኝ። ሽማግሌ ሣር ይዞ ፊትህ ከቆመ “ተቀመጡ” እስክትለው አይቀመጥም። “ተቀመጡ” ካልክ እሺ ብለሃል። እምቢ ያልክ እንደሆን እንደ ቆመ ይሄዳል፣ እንደ ቆመ የሄደ ሽማግሌ ደግሞ እርግማኑን የሚተወው አንተ ቤት ነው። ስለዚህ መፍትሔው አለመገኘት ነው። ቤተ መጻሕፍት ሽማግሌ አይመጣም፤ ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ነኝ አለችኝ።

እኔ ግን በዚህ ነገር ደሜ ይፈላ ነበር። ሰው ገድሎ ሣር መያዝ ምን ማለት ነው? የተበደለውን ቁጭ አድርጎ “ምን ሆንክ?” ሳይል “ይቅር በል” የሚል ሥርዓት የማን ሥርዓት ነው? በዳይ ስሙን እንኳ ሳይጠራ ወጥቶ የሚሄድበት፣ ተበዳይ ግን እምቢ ካለ ክፉ ሰው የሚባልበት ዕርቅ ዕርቅ አይደለም፤ መሸፋፈን ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ተናግሬዋለሁ፣ ሻይ ቤት ተናግሬዋለሁ። አሁን ደግሞ አዳራሽ አለኝ ብዬ አሰብኩ።

ፊልሙን ሆነ ብዬ ነው የመረጥኩት። ታሪኩ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ስለምትኖር አንዲት እናት ነው። ልጇ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ሲሠራ በካፒቴኑ ቸልተኝነት ሰጥሟል። ካፒቴኑ አበባ ይልካል፣ ቄስ ይልካል፣ የከተማው ሰው ሁሉ ተይው ይላታል። እሷ ግን በየቀኑ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች። በመጨረሻ ካፒቴኑ ዳኛ ፊት ቆሞ ያን ሌሊት ሰክሮ እንደነበረ ይናገራል። ሴትዮዋ ተነሥታ ትወጣለች። ፊልሙ በዚያው ያልቃል።

ለዘርፈሽዋል ታሪኩን ስነግራት ደስ አላላትም። ቀጠሮዬ እስኪያልፍ ሌላ አሳይ አለችኝ። እኔም ተከራከርኳት። ላንቺ ብዬ ነው፣ ከተማው እንዲሰማልሽ ነው፣ ዝም በማለት የመጣ መብት የለም አልኳት። በክርክር እኔን የሚረታ ጥቂት ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦

“አንተ ትናገርና ትሄዳለህ። እኔ ነኝ እዚህ የምውለው።”

ያልነገርኳት ነገር ነበር። ሽማግሌዎቹን ጠርቻቸዋለሁ። ሰባት ጊዜ ቤቷ ለተመላለሱት ለጋሽ ዱባለ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጻፍኩ። “ስለ ይቅርታና ስለ ፍትሕ የሕዝብ ውይይት ስላዘጋጀን ከባልደረቦችዎ ጋር እንዲገኙልን በአክብሮት እንጋብዛለን” ይላል። ሊዲያ ማኅተሙን ከማሳረፏ በፊት ሁለት ጊዜ አነበበችው። እትዬ ዘርፈሽዋል ታውቃለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እነግራታለሁ አልኳት። አልነገርኳትም። ብነግራት ያን እሑድ እንደምትቀር አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ በሕዝብ ፊት ስረታቸው እንድታይ ፈልጌ ነበር።

ማክሰኞ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ስድስት ናቸው። ጋሽ ዱባለ ከፊት ናቸው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ዱላቸውን ከመሬት ሳያሳርፉ በእጃቸው ይዘው ይሄዳሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ የቡታጅራው ሐጂ አብዶ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሣር ሲነቅል በመስኮት አይቼዋለሁ። ጥርሱን ሊጎረጉርበት መስሎኝ ነበር።

ሐጂ አብዶ ጃንጥላቸውን ለዘርፈሽዋል ሰጥተው ቁጥር ጠየቁ። “ያለ ቁጥር አልለቅም፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ጃንጥላ አይመልስም” አሉ፤ ወረፋ የያዙት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መስሎ ቁጥሩን ሰጠቻቸው። ሽማግሌዎቹ ወደ ፊት ወንበር ሲያልፉ ተጠጋኋት።

“አንተ ነህ የጠራሃቸው?” አለችኝ።

ለውይይት ነው አልኳት። ፊልም አይተው፣ ተከራክረው ይሄዳሉ፤ የሚነካሽ የለም። ዙሪያዋን አየች። መደርደሪያው ሞልቶ ነበር። አርባ ሦስት ቦርሳ ተቀብላለች፣ አርባ ሦስቱንም ሰው ወጥቶ እስኪወስድ መጠበቅ አለባት። የሰው ዕቃ ተረክቦ ጥሎ አይኬድም።

ፊልሙ ተጀመረ። እንደዚያን ቀን ተርጉሜ አላውቅም። ካፒቴኑ ያመነ ጊዜ አንዲት ሴት “እሰይ” ስትል ሰማሁ። መብራቱን አብርቼ እንደ ልማዴ ጠየቅሁ። እንደ ልማዱም ሁሉም ጋሽ ዱባለን አየ።

እሳቸው ተነሥተው መረቁ። አገሩን፣ ቤቱን፣ መጻሕፍቱን፣ ሊዲያን፣ እኔንም መረቁ። ከዚያ ተቀምጠው እንዲህ አሉ፦

“ፊልሙ መልካም ነው። ባሕሩም ያምራል። አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ሽማግሌ የለበትም። ሽማግሌ ቢኖርበት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ነበር።”

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ወረድኩባቸው። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ የሆነው ማንም ስለማይጠየቅ ነው አልኩ። ሴትዮዋ የፈለገችው አበባ አይደለም፣ ቃል ነው። ይቅርታ የሚባለው ነገር የተሠራው በደሉን ለማወቅ ነው ወይስ ላለማወቅ? ካፒቴኑ መስከሩን ሳይናገር ቢታረቅ ኖሮ የሞተው ልጅ ሁለት ጊዜ ሰጠመ ማለት አይደለም? አልኳቸው።

ያን ቀን ሕዝቡ ተናገረ። እህል ነጋዴዋ ፀሐይ ተነሥታ ወንድሟ ሲገደል ሳይጠይቋት እንዳስታረቋት ተናገረች። አንድ ተማሪ ሽምግልና ባይኖር እዚህ መስቃን ውስጥ የሚተርፍ ቤት አይኖርም ብሎ ተከራከራት። ሌላው ያንን ተቃወመ። ሐጂ አብዶ በሁለቱም ላይ ቀለዱ። እየተቀባበሉ፣ እየተቋረጡ፣ ሳይፈሩ ተናገሩ። ማይክራፎኑን ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጥኩ አደርሳለሁ። አራት ወር የለፋሁበት ነገር ፊቴ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ በሩ ዞሬ ዘርፈሽዋልን አየሁ። እሷ እኔን አታይም፤ ጋሽ ዱባለን ታያለች።

ጋሽ ዱባለ ወደ ጎናቸው ላለው ሽማግሌ በክስታንኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ ክስታንኛ አልሰማም። እሷ ትሰማለች፤ ተነሥታ ቆመች፤ ግን የት ትሄዳለች?

ስድስቱም ተነሡ። ከጋቢያቸው ውስጥ ሣር አወጡ። ከሸራው ዞረው ወደ ዘርፈሽዋል ጠረጴዛ ሄዱ። በሩ ተከፈተና አቶ በቀለ ገቡ። ከኋላቸው ሰይፉ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ። ጠረጴዛዋ ፊት ተንበረከከ።

እኔ በመጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፣ ግን ማመን አልፈለግሁም። በመቀመጫዎቹ መሃል እየተጋፋሁ ወደ በሩ ሄጄ ጋሽ ዱባለ ፊት ቆምኩና ይህ የውይይት መድረክ ነው፣ ሰው የምታጠምዱበት አይደለም አልኳቸው። እሳቸው ከልብ ገረማቸው። ከኮት ኪሳቸው ደብዳቤዬን አወጡ።

“አንተ አይደለህም የጻፍክልን? እሷ የምትውልበት ቤት፣ በማኅተም፣ ከቀጠሮዋ በፊት ባለው እሑድ፣ ስለ ይቅርታ እንነጋገር ብለህ። እኛ ዘርፈሽዋል ልቧ ተመልሶ በቅርብ ሰዋ ላከችብን ብለን ነው የመጣነው። አለዚያማ ለፊልም ከቡኢ ድረስ ምን አንከራተተኝ?”

ደብዳቤውን አይቼ ከእሳቸው ቦታ ሆኜ አነበብኩት። እያንዳንዱ ቃል እሳቸው እንዳሉት ይነበባል። እኔ ክርክር ስጠራ እነሱ ዕርቅ ተጠሩ። በዚህ አገር ሽማግሌ ፊልም እንዲያይ ደብዳቤ የሚጻፍለት የት ነው? ሰባት ጊዜ የተዘጋባቸውን በር በማኅተም የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ሕዝቡ ተነሣ። ማንም አላዘዘውም። መጀመሪያ ትልልቆቹ፣ ቀጥሎ ተማሪዎቹ፣ ከደቂቃ በፊት ሽምግልናን ስትራገም የነበረችው ፀሐይም ሳትቀር ቆመች። ሽማግሌ ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም። አዳራሹ ሙሉ ዘርፈሽዋልን እያየ ቆመ።

“ተቀመጡ! ምን ነካችሁ?” ብዬ በማይክራፎኑ ጮኽኩ። ማንም አልሰማኝም። ከኋላ አንዱ “መምህሩን ማን ነው ይታገሱ ብሎ ስም ያወጣለት?” ሲል ተሰማኝ።

ዘርፈሽዋል ግን አልተናገረችም። ጠረጴዛዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከሰይፉ ራስ በላይ ግድግዳውን እያየች ቆመች። አምስት ደቂቃ ሆነ። አሥር ሆነ። ሐጂ አብዶ ወንበር ተደገፉ። ዛሬ ተመልሼ ሳስበው፣ እያሸነፈች ነበር። እኔ ግን ዝምታውን አልቻልኩም። ጠይቁት አልኩ። እንግዲህ ከመጣ፣ አሁን እዚህ፣ በሁላችን ፊት፣ ወዴት ይመለከት እንደነበር ጠይቁትና ይመልስ።

ሰይፉ ከድንጋዩ ሥር ቀና አለ። ጋሽ ዱባለ እጃቸውን ራሱ ላይ አድርገው መለሱት።

“ዳኛ ይጠይቃል። ሽማግሌ ይለምናል” አሉኝ። “ቁስል ስትነካካው አይድንም ልጄ።”

ያኔ የሆንኩትን ሆንኩ። እናንተ ሽማግሌዎች አይደላችሁም፣ የገዳይ ጠበቆች ናችሁ፤ በሞተች ልጅ መቃብር ላይ የበቀለ ሣር ነው የያዛችሁት አልኳቸው። ማይክራፎኑ በእጄ ነበር። ቃሉ ከአራቱም ግድግዳ ተመልሶ መጣ።

ጋሽ ዱባለ ሣሩን ከእጃቸው ለቀቁት።

“ሦስት ልጅ ቀብሬያለሁ” አሉ። ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት፤ ለማን እንደሆነ አላውቅም። “አንዱን የገደለብኝን ሰው በዚህ እጄ አቅፌዋለሁ። እንዲህ ያለኝ ግን የለም።”

ዱላቸውን አንሥተው ወደ በሩ ዞሩ። አዳራሹ ታመሰ። ሴቶች መንገዳቸው ላይ ወደቁ። እንዲህ ሆነው አይውጡ፣ እንዲህ ሆነው አይውጡብን ይላሉ። ሊዲያ ክንዴን ይዛ “በጌታ ተለመነኝ መምህር፣ ይቅርታ በላቸው” አለችኝ፤ ታለቅስ ነበር። እኔ ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ትክክል እንደነበርኩ አምናለሁ። አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

ጋሽ ዱባለ በሩ ጋ ሲደርሱ ዘርፈሽዋል ከጠረጴዛዋ ወጣች።

“ጋሽ ዱባለ” አለች። “ይቀመጡ።”

ቦርሳ ተቀበልኩ፣ ቁጥርዎ ይኸው እንደምትለው አድርጋ ነው የተናገረችው። ወንበር ቀረበላቸው፣ ተቀመጡ። አዳራሹ በእልልታ ተነቃነቀ። ድንጋዩን ከሰይፉ አንገት አወረዱ፣ ጉልበቷን ሳመ፣ ትከሻዋን አሳሙት። ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ ነው አሏት። ማክሰኞ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ እንዲያምን ጋሽ ዱባለ አዘዙት፤ እሱም እሺ አለ። ይህ በእሳቸው ቤት ለእሷ ክብር ነው፤ ፍርድ ቤት ቆማ እንዳትንገላታ። በመጨረሻ እጃቸውን ዘርግተው ዘጉት፦

“ከእንግዲህ ይህን ነገር መልሶ የሚያነሣ፣ የዘራው አይብቀልለት፤ የወለደው አይደግለት።”

ሁሉም አሜን አለ። እኔም ብያለሁ። አፌ ነው ያለው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ አሜን ማለት የለመደ አፍ ነው። ጋሽ ዱባለ መጥተው ግንባሬን ሳሙኝና ይቅር ብዬሃለሁ አሉኝ። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም ነበር።

አርባ ሦስቱ ቦርሳዎች ከወጡ በኋላ እሷና እኔ ቀረን። ለምን አልኳት። ቁጥሮቹን በሽቦ እየሰካች መለሰችልኝ፤ ቁጣ አልነበረባትም፣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

“ዝም ብትል ኖሮ እስኪመሽ አቆማቸው ነበር። እኔ መቆም ለምጃለሁ፤ እነሱ ሽማግሌ ናቸው፣ ይደክማቸዋል፣ ሌላ ቀን ይሉና ይሄዳሉ። ማክሰኞ ደግሞ ይደርሳል። ተሰድበው ከወጡ ግን ሌላ ነው። አንተ ነገ ወልቂጤ ትገባለህ። ያ ሁሉ ሰው በእሷ ምክንያት ተሰደቡ የሚለው እኔን ነው። እዚህ አገር ቀባሪ የለኝም ይታገሱ፤ ያሉኝ እነሱ ናቸው።”

ማክሰኞ አብሬያት ሄድኩ። ችሎቱ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። ዳኛዋ ክሱን አነበቡና ሰይፉን ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ አሉት። ፈጽሜያለሁ አለ። ካመነ ምስክር መስማት አያስፈልግም፤ ሕግ አጥንቻለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ ተማሪዎቼንም የማስተምረው ነው። የዕርቁ ወረቀት ከመዝገቡ ጋር ተያያዘ። ቅጣቱ በገደብ ሆኖለት ተለቀቀ። የዘርፈሽዋል ስም አልተጠራም። ስንገባ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስት ከሩብ ይል ነበር፤ ስንወጣ ሦስት ተኩል አልሞላም። እሷ የዘመድ ሠርግ የምትሄድበትን ነጠላ ለብሳ ነበር።

በደረጃው ላይ ዐቃቤ ሕጉ ይግባኝ ማለት እንደሚችል፣ ሌላ መንገድ እንዳለ ላስረዳት ጀመርኩ። አንድ በአንድ፣ በአንቀጽ አንቀጽ። እሷ እጄን ነካ አድርጋ ሥራ ይረፍድብኛል አለችና ብቻዋን ወረደች።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ሰው አልበቃውም። መቶ ሃያ ሰው መጣ፤ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ወሬው እስከ ቡኢና ጥያ ደርሷል። የመጡት ግን ለፊልም አይደለም። አንድ ገበሬ ከድንበር ጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ኖሮ፣ የእኔ መቼ ነው የሚታየው ብሎ ጠየቀኝ። ፊት ወንበር ላይ ሽማግሌዎቹ ሳይጠሩ ተቀምጠዋል። ሊዲያ በደስታና በፍርሃት መሃል ሆና ወንበር ታስገባለች። የሚመለከተው ቢሮ ሥራችሁ ፍሬ አፈራ ብሎ ደውሎላታል።

ፊልሙ ሊጀመር ሲል ሰይፉ መጣ። ቦርሳ ይዟል። ወረፋውን ጠብቆ ጠረጴዛዋ ጋ ደረሰ። እኔ ከእነሱ አምስት እርምጃ ርቄ ሽቦ እያያዝኩ ነበር። ቦርሳውን አቀበላት፣ ቁጥሩን ተቀበላት፣ አልሄደም።

“እማዬ” አላት። እንዲህ በላት ተብሎ ነው። “ያን ቀን እኔ… የማየው…”

እሷ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ወደ እሱ አዘነበለች። ስድስት ወር አይቼው የማላውቀው ነገር ፊቷ ላይ መጣ። አፏ ትንሽ ተከፈተ። ይናገር ነው የምለው በሆዴ፤ አንዲት ቃል፣ ስልክ ይበል፣ እንቅልፍ ይበል፣ ምንም ይበል፣ ብቻ ይናገር።

ከኋላው የተሰለፉት አቶ በቀለ ትከሻውን ያዙት። “ልጄ” አሉት፣ በቁጣ አይደለም፣ በፍርሃት። “አሜን ብለሃል። እኛም ብለናል። እሷም ብላለች።”

ሰይፉ እሷን አየ። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ሕግ ያውቃል፣ ይናገራል የሚባለው ሰው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብል ምን እንደሚሆን አሰብኩ። ባለፈው እሑድ አንድ ቃል ብዬ ነበር። መቶ ሃያ ሰው ይሰማል፣ ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ፣ የሚወድቀው ደግሞ በማን ላይ እንደሆነ ተምሬያለሁ። ዝም ብል ያው ነው። ብናገርም ያው ነው። በእጄ የያዝኩትን ሽቦ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደምሰካው ጠፋኝ።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወደ ውስጥ ገባ። ሰው አለፍ ብሎ ቦታ ሰጠው።

ዘርፈሽዋል እስከገባበት ረድፍ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ የሚቀጥለውን ሰው ቦርሳ ተቀበለች። እኔ አሁንም እዚያው ቆሜያለሁ። ሳትዞር ተናገረችኝ፦

“ጀምርላቸው እንጂ፤ ሰው እየጠበቀህ ነው።”